ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ምርቃት

ጋሼ ቀናው ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሃያ ዘጠኙን ያሳለፉት አቃቂ ባቡር ጣቢያ፣ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ሆነው ነው። መጨረሻ ላይ የአሥራ ሁለት ሰዎች አለቃ ነበሩ፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ አባቴ ነበር። አባቴ አርፏል፣ ባቡሩም መምጣት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆነው። ጋሼ ቀናው ግን እስከ ዛሬ ሰፈሩን የሚያዩት በሐዲድ ሠራተኛ ዓይን ነው። ሰው አዲስ ቤት ሠርቶ ሲያስጎበኛቸው ሳሎኑን ትተው ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ሳያዩ «እንኳን ደስ አለህ» አይሉም።

ሰፈራችን ከአሮጌው ጣቢያ ጀርባ ነው። ወደ ታች እያዘቀዘቀ ሄዶ፣ ሐዲዱ ተዘርግቶበት የነበረው ረጅም የአፈር ቁልል ሥር ያበቃል። ከቁልሉ ማዶ ወንዙ አለ። ከዋናው መንገድና ከመጋዘኖቹ የሚወርደው የክረምት ውሃ ሁሉ በደጃችን አልፎ፣ ቁልሉ ሥር ባለች አንዲት የድንጋይ ቅስት ሾልኮ ወንዝ ይገባ ነበር። ልጅ ሆኜ ጎንበስ ብዬ አልፍባት ነበር። ውስጧ በጠራራ ፀሐይም ይቀዘቅዛል። ከላይ ባቡር ሲያልፍ ድንጋዩ ሲንቀጠቀጥ በመዳፌ ይሰማኝ እንደነበር ዛሬም አልረሳሁትም።

ግንቦት በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ጋሼ ቀናውና ሰዎቻቸው ቅስቷን ይጠርጉ ነበር። ባቡሩ ከቀረ በኋላ መሥሪያ ቤት የሚያዛቸው ባይኖርም ልማዱን አላቋረጡም፤ ወደ እድሩ አዞሩት። በዚያ ቀን ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ያልወጣ ይቀጣል። ማን የት እንደሚቆም፣ ደለሉ የት እንደሚጣል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። በዚህ ሁኔታ ሃያ ስድስት ቤቶች ስንት ክረምት በደረቅ እግራቸው ተሻገሩ።

ሌላው ሥራቸው ምርቃት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሜን የሚልበትን ምርቃት የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ሠርግ ይመርቃሉ፣ አዲስ ሱቅ ይመርቃሉ፣ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ይመርቃሉ። የተጣሉ ጎረቤቶች ሲታረቁም የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ አይቸኩሉም፣ ሰው አሜን እስኪል ይጠብቃሉ።

ያለፈው ዓመት ጥር ላይ ወረዳው የሰፈሩን ነዋሪ ለውይይት ጠራ። አጀንዳው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበር። እኔ አሁን የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ቢሆንም፣ የአባቴ ቤት እዚያው ስላለችና እህቴ ስለምትኖርባት ሄድኩ። መንገዱን ሁላችንም እንፈልገዋለን። ክረምት ሲሆን ባጃጅ አይገባልንም፤ ምጥ የያዛት ሴት ዋናው መንገድ የምትደርሰው በሰው ሸክም ነው። ስለዚህ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ፊት ለፊት «በነዋሪው ተሳትፎ አካባቢያችንን እናለማለን» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ንድፉን ያመጣችው እምነት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት። ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራችና መንገዱ በአሮጌው የአፈር ቁልል ላይ እንደሚያልፍ አስረዳች።

ጋሼ ቀናው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ አንዲት ቅስት ነበረች። ካርታሽ ላይ አጣኋት።»

«እሷ ትደፈናለች ጋሼ። መንገዱ በላይዋ ስለሚሄድ አፈር ሞልተን እንጠቀጥቃታለን። በምትኩ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስልሳ ሳንቲሜትር ቱቦ እንቀብራለን።»

«ወፍጮ ቤቱ እኮ ከፍታ ላይ ነው።»

«ብዙም ልዩነት የለውም። በሰርቬይ ተለክቷል።»

«መቼ ለካችሁ?»

«ታኅሣሥ ላይ።»

«ታኅሣሥ ውሃው የታለና? ሐምሌ ብትመጪ የምትለኪው እኔ ደጅ ቆመሽ ነው፤ ያውም ቦቲ ካለሽ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሐጀራ ከኋላ ሆና፣ «ቦቲውን ከኔ ሱቅ ትገዛለች» አለች። ሐጀራ ከስልጤ መጥታ ሰፈራችን ሱቅ ከከፈተች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሱቋ ከጋሼ ቀናው ቤት ቀጥሎ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። መሐንዲሷም አብራ ሳቀች።

ጋሼ ቀናው ግን አልሳቁም። ቅስቷ ከተደፈነች ውሃው ቁልሉ ሥር እንደሚቆም፣ ከዚያም ወደ ኋላ እየተመለሰ ሃያ ስድስቱ ቤት ውስጥ እንደሚገባ በእጃቸው እያሳዩ ተናገሩ። «ተዉአት። በላይዋ ኮንክሪት አልብሱና መንገዳችሁን አሳልፉ። ባቡር የተሸከመች ናት፣ መኪና አይከብዳትም» አሉ።

ስብሰባውን የሚመሩት የወረዳው ተወካይ አቶ ሰይፈሥላሴ ነበሩ። «በጣም ግሩም ሐሳብ ነው፤ በግብአትነት ወስደነዋል» አሉ። ንድፉ ገና ረቂቅ መሆኑን፣ ከመሠራቱ በፊት ተመልሰው እንደሚያወያዩን ነገሩን። ሌሎችም ተናገሩ፤ ስለ መብራት ምሰሶ፣ ስለ ቆሻሻ ገንዳ። ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ «እንግዲህ ጋሼ ቀናው ይመርቁንና እንነሣ» አሉ።

እምቢ ይላሉ ብዬ አልጠበቅኩም፤ አንድም ሰው አልጠበቀም። ሽማግሌ መርቅ ሲባል እምቢ የሚለው ተቀይሞ ሲሄድ ብቻ ነው። ተከራክሮ የመረቀ ሰው ክርክሩን አዳራሹ ውስጥ ትቶ መውጣቱ ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚታወቀው። ጋሼ ቀናው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ሁላችንም ብድግ ብለን እጃችንን ዘረጋን።

«ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ።»

«አሜን።»

«የጀመራችሁትን ለፍጻሜ ያብቃላችሁ።»

«አሜን።»

«እጃችሁን ይባርከው። መንገዱን የሰላም መንገድ ያድርግልን። ሰፈራችንን ከክፉ ይጠብቅልን።»

«አሜን።» እኔም ብያለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

መጋቢት ላይ ስልክ ደወሉልኝ። «ና፣ እየደፈኗት ነው» ብቻ ነው ያሉኝ።

ስደርስ ገልባጭ መኪና ጀርባውን ለቅስቷ ሰጥቶ ቀይ አፈር ይደፋል። ጋሼ ቀናው ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ሹፌሩ ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ እባክዎ ዞር ይበሉልኝ። የታዘዝኩበት ነው የምደፋው። ሌላ ቦታ ደፍቼ ብገኝ ከሥራ ነው የምባረረው» አለ። ጋሼ ቀናው ዞር አሉለት። ከሰው እንጀራ ጋር አይጣሉም። አብረን ወደ ወረዳው ሄድን።

አቶ ሰይፈሥላሴ በአክብሮት ተቀበሉን፣ ወንበር ሰጡን። ጋሼ ቀናው፣ «ተመልሰን እናወያያለን ብላችሁ ነበር» ሲሉ፣ ከመደርደሪያው አንድ ቦክስ ፋይል አወረዱና ሦስት ገጽ ወረቀት ወደ እኔ ገፉ። ቃለ ጉባኤው ነው። «ንድፉ በውይይቱ ስለጸደቀ ነው ሁለተኛ ያልተጠራው። ያንብቡላቸው» አሉኝ።

አነበብኩ። «በመጨረሻም የአካባቢው የሀገር ሽማግሌ አቶ ቀናው የቀረበውን ዕቅድ በመመረቅ፣ ሥራው በታሰበው መሠረት ለፍጻሜ እንዲበቃ ያላቸውን ድጋፍ የገለጹ ሲሆን፣ ተሰብሳቢውም አሜን በማለት በአንድ ድምፅ አጽድቆታል።»

«እስቲ ድገመው» አሉ ጋሼ ቀናው። ደገምኩት።

«ይኼ እኮ የስብሰባ መዝጊያ ምርቃት ነው» አሉ።

«አዎ፣ ምርቃት ነው። እኛም ምርቃት ነው ያልነው።»

«ቅስቷን ድፈኑ ብዬ አልመረቅኩም።»

«ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ አላሉም ጋሼ? ያሰብነው ግድግዳው ላይ በርቶ ነበር። እያዩት ነው የመረቁን።»

«ታዲያ ምን ልበል ነበር? ያሰባችሁት አይሙላ ልበል? ልርገማችሁ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ሰው ያልተስማማበትን ይመርቃል ብዬ ግን አላስብም።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ተንኮል አላየሁም፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። የእውነት መስሏቸዋል። ስለ ቅስቷ የተነገረውን ሁሉ በሦስቱ ገጽ ፈለግኩ። «የተለያዩ ገንቢ አስተያየቶች ተሰጥተዋል» የሚል አንድ መስመር አለ፤ በቃ፣ የጋሼ ቀናው ሃያ ዘጠኝ ዓመት እሷ ውስጥ ናት።

ልንነሣ ስንል አቶ ሰይፈሥላሴ አንድ መውጫ አሳዩን። «ያን ዕለት የመረቅኩት አምኜበት አልነበረም፣ ምርቃቴን አንሥቻለሁ ብለው ይጻፉና ይፈርሙ። በቃለ ጉባኤው ላይ ቅሬታ ቀረበ ብዬ ሥራውን አስቆማለሁ፣ አዲስ ውይይት እጠራለሁ» አሉ። ቃላቸውን እንደሚጠብቁም አልተጠራጠርኩም።

ውጭ ስንወጣ እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ ወረቀት ነው። ይፈርሙና ቅስቷን እናድናት» አልኳቸው።

«የእህትህን ሠርግ ማን መረቀ?»

«እርስዎ።»

«የጎረቤታችንን የሀይረዲንን ልጆች ዓረብ አገር ሲሄዱ ማን መረቀ? አባትህ ሲያጣጥር እናንተን ማን መረቀ? አንዴ ሳላምን መረቅኩ ብዬ ከፈረምኩ፣ የትኛውን አምኜ የትኛውን ሳላምን እንደመረቅኩ ማን ይለይልኛል? ደግሞ የተነሣ ምርቃት ምን እንደሚሆን አንተ የተማርክ ነህ፣ አይጠፋህም።»

«እርግማን አይሆንም ጋሼ፣ ማመልከቻ ነው የሚሆነው።»

«ለነሱ» አሉ።

ተናደድኩባቸው። አሁንም አልፎ አልፎ እናደድባቸዋለሁ። ሃያ ስድስት ቤት በአንድ ፊርማ ይድን ነበር እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ የሳቸውን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደተፈታ ትዝ ይለኛል፣ አፌን እዘጋለሁ።

ደብዳቤውን በሌላ መንገድ ጻፍኩት። ምርቃት የአክብሮት መዝጊያ እንጂ የስምምነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ፣ ነዋሪው መንገዱን እንደሚደግፍ፣ ቅስቷ እንድትደፈን ግን እንዳልተስማማ በአንድ ገጽ አስረዳሁ። ከሃያ ስድስቱ ቤት ሃያ ሦስቱ ፈረሙ፤ ሦስቱ መንገዱ ይቀርብናል ብለው ፈርተው ተዉት። መዝገብ ቤት ገቢ አደረጉት፣ ማኅተም መቱበት፣ ቁጥር ሰጡት። ከዚያ በኋላ ጋሼ ቀናው በየሳምንቱ ማክሰኞ ወረዳ ይሄዱ ጀመር። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ አንድ ቀን ደብዳቤው ወደ ክፍለ ከተማ ተመርቷል፤ አንድ ቀን ከክፍለ ከተማ ወደ ወረዳው ተመልሷል። ባለቤታቸው እትዬ ብዙወርቅ ማክሰኞ ሲመጣ ኮታቸውን እየቦረሹ፣ «እኔ ብሆን ገና መርቂ ስባል ሽንቴ መጣ ብዬ ነበር የምወጣው» ይሏቸዋል።

«አንቺ ብትሆኚ መርቂ የሚልሽም የለም።»

«እሰየው። ይኸው የኔ አሜን ብቻ ነው፣ እሱም አልቆጠቆጠኝም።»

ይህ የቤት ውስጥ ቀልድ ነው። የውጭው ሌላ ነው። አንድ ቀን ሐጀራ ሱቅ ቆመን ሳለ፣ «ጋሼ፣ አዲሷን ፍሪጅ ይመርቁልኝ» አለቻቸው። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ቀስ ብለው፣ ወረዳ እንዳይሰማ» ጨመረች። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ፍሪጇን ግን አልመረቁም፤ «ሌላ ቀን» ብለው ወጡ። ሐጀራ ከኋላቸው እያየች፣ «ምን አፌን አመጣው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ሲሆን ምርቃቱን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። አሟቸዋል ይባላል።

በሚያዝያ መጨረሻ መሐንዲሷ እምነት ማንም ሳያዛት በዕረፍት ቀኗ መጣች። ጋሼ ቀናው ከላይ እስከ ታች አስኬዷት፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ቅስቷን መጥረግ ከመለመዱ በፊት የነበረ ጎርፍ የተወውን መስመር አሳዩአት፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ አቁመው ቁልቁል እንድታይ አደረጓት። ብዙ ጻፈች፣ ብዙ ፎቶ አነሣች።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ውሃው ወደ ቱቦው አይወጣም።»

«ታዲያ ጻፊው።»

«ጽፌያለሁ፤ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ያጸደቀውን በአንድ ባለሙያ አስተያየት አንለውጥም ነው የሚሉኝ።»

ጋሼ ቀናው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት፤ እሷ ልታጽናናቸው መጥታ እሳቸው አጽናንተው ሸኟት። በሳምንቱ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ መዛወሯን ሰማን።

የግንቦት ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ጥሩምባ አልተነፋም፤ የሚጠረግ ነገር የለም። ቢሆንም ሦስት አራት ሰው ከልማድ አካፋ ይዞ ወጣ፤ ከነዚህ አንዱ ጋሼ ቀናው ነበሩ። ቁልሉ ተስተካክሏል፣ ሮሎ ሄዶበታል፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ድንጋይ ተደርድሯል። መንገዱ ያምራል፤ አያምርም ማለት አልችልም። ባጃጅ ሽው እያለ ያልፍበታል። ሰዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ጥቂት ቆሙ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ገቡ።

ሰኔ ሃያ አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው የዘነበው። ውሃው እንደ ጥንቱ በደጃችን ወረደ፣ ቁልሉ ሥር ደረሰ፣ መሄጃ አጣ። ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ከሁሉ በታች ያለው የሀይረዲን ቤት መጀመሪያ ገባ። ሀይረዲን ልብስ ሰፊ ነው፤ ሲንጀሩን ጠረጴዛ ላይ አወጣ፣ ጣቃ ጨርቁ ግን ረጠበ። ቀጥሎ ሐጀራ ሱቅ ገባ፤ የስኳር ጆንያ ከሥር በላው። ጋሼ ቀናው ቤት ሲደርስ ዝናቡ አባራ፤ ደጃፋቸው ላይ ጣት የማይሞላ ውሃ ቀረ። ወፍጮ ቤቱ ጋ የተቀበረው ቱቦ ውስጡ ደርቆ ነበር። ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

በማግሥቱ ከወረዳው ሦስት ሰዎች መጥተው ፎቶ አነሡ፣ የተጎጂ ስም ዝርዝር ያዙ፣ ጉዳዩ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት እንደሚታይ ነገሩን። አንደኛው ጋሼ ቀናውን፣ «ነዋሪው ሲወያይ ለምን አላነሣችሁትም?» ብሎ ጠየቃቸው። አዲስ የመጣ ልጅ ነው፣ አያውቅም። ጋሼ ቀናው ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁጭ አድርገው ከባቡሩ ዘመን ጀምረው ያስረዱት ነበር።

ማክሰኞ ወረዳ አልሄዱም። እኔ ስደርስ ደጃቸው ላይ ብሎኬት ተቆልሏል፣ ሲሚንቶ ተቦክቷል። በበራቸው መግቢያ ላይ ሁለት ረድፍ ደርድረው በግንበኛ ማንኪያ ያስተካክላሉ። ውሃ ልኩን ደጋግመው ያስቀምጣሉ፤ እንደ ድሮው ለሚሊሜትር ይጨነቃሉ።

«ወረዳ አይሄዱም እንዴ ጋሼ?»

«ጨረስኩ» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

እትዬ ብዙወርቅ ከውስጥ ሆነው፣ «በዚህ ጉልበቴ ይህን እንዴት ነው የምሻገረው?» አሉ።

ሰፈሩ የተረዳው ያን ጊዜ ነው። እሳቸው በየማክሰኞው ኮታቸውን ለብሰው ሲወጡ የሚያይ ሁሉ አንድ ቀን ቅስቷ ትከፈታለች ብሎ ነበር። አሁን ደጃቸውን ሲያጥሩ አየ። ወንዶቹ ብሎኬት ስንት እንደገባ ይጠያየቁ ጀመር። ሐጀራ ሱቋን ለልጇ ትታ መጣችና፣ ረድፉን በዓይኗ እየቆጠረች አጠገባቸው ቆመች። ያን ቀን አልቀለደችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሁለት ነው ያደረጉት?»

«ሁለት።»

«እኔ ስንት ላድርግ?»

ጋሼ ቀናው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ቁልቁል ወደ ሱቋ፣ ከሱቋ ወደ ሀይረዲን ቤት፣ ከዚያ ወደ አዲሱ መንገድ አዩ። ከንፈራቸው ሲቆጥር ይታያል።

«አንቺ ከኔ በታች ነሽ» አሉ። «ሦስት አድርጊ። ሀይረዲንን አራት በይው፤ ከአራት እንዳያሳንስ። ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያሉት አይልፉ፣ እነሱ ጋ አይደርስም።»

ሐጀራ ራሷን ነቅንቃ ለሀይረዲን ልትነግረው ወደ ታች ሄደች። እሳቸው ተመልሰው ቁጭ አሉና ውሃ ልኩን ብሎኬቱ ላይ አጋደሙ።